ሰባተኛው ውሃ

የፎጣ ፋብሪካው የቧንቧ ሠራተኛ እውነተኛ ስሙ ያለው ሠራተኞች መዝገብ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ ውጭ ለሁሉም ሰው «ጆሮ» ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ቀጭን የብረት ዘንግ አለችው፤ አንዱን ጫፍ መሬት ላይ ያቆማል፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ያስደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከሲሚንቶው ሥር የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ይሰማዋል። «እዚህ ጋ ቆፍሩ» ካለ፣ እዚያው ጋ ነው። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም ይባላል፤ ይህን በብዛት የሚለው ራሱ ቢሆንም።

ሚስቱ በዚህ ዝና እምብዛም አትደሰትም። «ሦስት ክፍል አልፎ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ይሰማል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዳቦ ይዘህ ና ስለው አይሰማም» ትላለች።

እሷም የምትሠራው እዚያው ፋብሪካ ነው። የማለቅለቂያ ክፍሉ ኃላፊ ናት። ፎጣው ቀለም ተነክሮ ከወጣ በኋላ ወደ እሷ ይመጣል፤ እሷም ትርፍ ቀለሙ ተጠርጎ እስኪወጣ በሰባት ውሃ ታለቀልቀዋለች። ስድስት አይደለም፣ ስምንትም አይደለም፣ ሰባት። በመጨረሻ ሰባተኛውን ውሃ በብርጭቆ ትቀዳና ወደ መስኮቱ ታነሳዋለች። በብርጭቆው ውስጥ ማዶ ያለው ግድግዳ ጥርት ብሎ ከታያት ፎጣው ያልፋል። ካልታያት ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል አያልፍም። ለዚህም ነው ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ሰባት ውሃ» የሚላት።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሥራ ደወል ሳይደወል፣ ባዶ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ከፋብሪካው በር ላይ ተሰልፈው ተገኙ። አይጮኹም፣ አይሳደቡም፣ ጀሪካናቸውን ከፊታቸው ደርድረው ዝም ብለው ቆመዋል። ሃያ ይሆናሉ። ከፊት የቆሙት ደግሞ የጆሮ አማት ናቸው።

ጆሮ ሲያያቸው ልቡ ስንጥቅ አለ። «እማማ! ምነው በሰላም?»

«በሰላም ነው ልጄ። ውሃ ልንቀዳ መጥተን ነው።»

«ጉድጓዳችሁስ?»

«ጉድጓዳችንንማ እናንተ ጠጣችሁት። ባልዲያችን ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ውሃው እናንተ ጋ ከመጣ፣ እኛም ተከትለነው መጣን።»

ነገሩ እውነት ነበር። ፋብሪካው በራሱ ግቢ ያስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ አለው፤ የሰፈሩ ጉድጓድ ደግሞ ከአጥሩ ኋላ ነው። ከላይ ግንብ ቢለያቸውም ከሥር ውሃው አንድ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ወጣ። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ሲጨንቀው ላብ እንደ ዝናብ ይወርደዋል። ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ፣ «እናቶቼ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የምንጠቀመውን ውሃ በሲሶ እንቀንሳለን፤ ቃሌ ነው» አለ።

አማትየው ጀሪካናቸውን አንስተው ክዳኑን ከፈቱለት። «እንግዲያውስ ቃልህን እዚህ ውስጥ ጨምርልኝ። ባዶዬን ከምመለስ እሱን ተሸክሜ ልሂድ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ መግቢያ ሲያጣ ዓይኑ ግራ ቀኝ ተንከራተተና ጆሮ ላይ አረፈ። «ይኸው! የቧንቧ ሠራተኛችን ከዛሬ ጀምሮ የፋብሪካው የውሃ ተጠሪ ነው። ከእሱ ያመለጠ ጠብታ የለም!»

ጆሮ ደረቱን ነፋ። አማቱ ግን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «እስቲ እናያለን» ብቻ ብለው ሄዱ።

ተጠሪው ሦስት ቀን ሙሉ ደብተር ይዞ ከቆጣሪ ቆጣሪ ሲዞር ከረመ። በሦስተኛው ቀን መልሱ ወጣ። ከሚቀዳው ውሃ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ወደ አንድ ክፍል ነው፤ ወደ ማለቅለቂያው። ሦስቴ ደመረው። ሦስቴም ሚስቱ ጋ ደረሰ።

ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ማለቅለቂያው ክፍል ገባ። «አንድ ነገር ላማክርሽ ነበር» አለ። ማማከር ግን አልነበረም፤ ወስኖ ነው የመጣው። «ሰባቱን አምስት ብናደርገውስ?»

«አምስት?»

«አምስት።»

«የትኞቹን ሁለቱን ልጣል?»

«የመጨረሻዎቹን።»

«ለምን የመጀመሪያዎቹን አልጥልም?»

ጆሮ ትንሽ አሰበ። «እሱም ይቻላል።»

የክፍሉ ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ስማ። እዚህ ሳይለቅ የሄደ ቀለም ሰው ፊት ላይ ነው የሚለቀው። ሰውየው ገላውን ታጥቦ፣ ተጠራርጎ፣ መስታወት ሲያይ ቡራቡሬ ሆኖ ቢያገኘው ማንን ነው የሚረግመው? አንተን ነው?»

«የእናትሽ ጉድጓድ እየደረቀ አይደለም እንዴ!»

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ፊቷ ልውጥ አለ። «የእናቴን ጉድጓድ አንተ አታስታውሰኝም» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

የዚያን ዕለት ከሥራ ተመልሶ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ፣ መታጠቢያው ቤት ውስጥ አንዲት ጆግ ውሃ ተቀምጣ ጠበቀችው። የቧንቧው እጀታ ተነቅሎ የለም።

«ይቺ ለምንድን ናት?» ብሎ ተጣራ።

«ለገላህ» አለችው ከሳሎን።

«ለየትኛው ክፍሉ?»

«እሱን አንተ ወስን። ተጠሪው አንተ ነህ።»

ጆሮ ወሰነ፤ ግን ክፉኛ ወሰነ። መጀመሪያ ጸጉሩን ሳሙና ቀባ፣ ከዚያ ውሃውን እግሩ ላይ ጨረሰው። በማግስቱ ፋብሪካ ሲገባ ጸጉሩ በሳሙና ደርቆ እንደ ቡርሽ ቆሞ ነበር። ያየው ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ገባው፤ ትዳር ያለው ሁሉ ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ዕድል ቀናው፤ ወይም የቀናው መሰለው። ሚስቱ ጥርሷን አሟት ሐኪም ዘንድ ሄደች። እግሯ ከግቢው እንደወጣ ጆሮ ማለቅለቂያው ክፍል ደረሰ። ገንዳዎቹ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ፎጣ ተጭኗል።

«ዛሬ በአምስት ነው» አለ።

«እትዬ ሳይፈቅዱ?» አለች ምክትሏ።

«የውሃ ተጠሪው ፈቅዷል።»

በአምስት ሆነ። ሲነካ ለስላሳ፣ ሲያዩት የሚያምር ፎጣ ወጣ። ጆሮ ሰባተኛ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ለምን እንዳስፈለገ ገረመው። የተረፈውን ውሃ መጠን በጠመኔ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ከአዲሶቹ ፎጣዎች አንዱን አጣጥፎ ለሥራ አስኪያጁ ናሙና ብሎ ሰጠው።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ የሰፈሩን ሴቶች ቢሮው ጠርቶ የደረሱበትን ሊያስረዳ ተቀመጠ። ሰዉ ሲሞላ ጨነቀው፣ ሲጨንቀው ላብ አጠመቀው፣ ላብ ሲያጠምቀው አዲሱን ፎጣ አንስቶ ፊቱን፣ አንገቱን፣ ጆሮ ግንዱን ጥርግ ጥርግ አደረገ። «እንግዲህ እናቶቼ፣ ሥራችን ውጤቱ መታየት ጀምሯል» አለ።

ታየ። አንዷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

የጆሮ አማት ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በሐዘኔታ አዩት። «ልጄ፣ ሐኪም አይቶሃል?»

«ለምኑ?»

«እኔ እንጃ፤ ጉበት ይመስለኛል።»

ከሴቶቹ አንዷ ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አውጥታ አቀበለችው። ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ ውስጥ ከአንገቱ እስከ ግንባሩ የጎመን ማሳ የመሰለ ሰው አየ። የቢሮው በር ላይ ቆሞ ምስጋና ይጠብቅ የነበረው ጆሮ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ስንት ፎጣ ነው እንዲህ የሆነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ቀስ ብሎ።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ።»

አንድ ሺህ ሁለት መቶውም ፎጣ እንደገና ወደ ገንዳ ተመለሰ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰባት ጊዜ፣ ሲደመር አሥራ ሁለት ውሃ። ጆሮ አተረፍኩ ያለው ውሃ ከነወለዱ ሄደ። ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ራሱ በእጅጌው አጠፋው።

ሚስቱ ጉንጯ አብጦ ወደ ሥራ ስትመለስ ሴቶቹ ተሽቀዳድመው ነገሯት። ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ግድግዳ ተደገፈች። «ኧረ በፈጣሪ አታስቁኝ! ጥርሴ! ጥርሴን!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ፎጣውን ሁሉ እንደገና አለቀለቀችው። ጆሮን ግን አንድ ቃል አልተናገረችውም። እሱም ብትጮህበት በተሻለው ነበር።

በዚያው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ ጆሮ ካንቲን የሚገባበት ፊት አጣና ዳቦውን ይዞ ዋናው ቆጣሪ አጠገብ ብቻውን ተቀመጠ። ማሽኖቹ ሁሉ ቆመዋል። ግቢው ጸጥ ብሏል። ዳቦውን እየገመጠ ቆጣሪውን ያያል። ቆጣሪው ይዞራል።

ማላመጡን አቆመ። ሁሉ ነገር ቆሟል፤ ይሄ ግን ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ባለቤት ይዞራል።

መጀመሪያ የተሰማው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታ ነው። «ሚስቴ ማለቅለቂያው ክፍል አንዱን ቧንቧ ከፍታ ሄዳለች!» ብሎ ሮጠ። ሰባቱ ገንዳዎች ደርቀዋል፣ ቧንቧዎቹ ጥብቅ ብለው ተዘግተዋል። ዘንጉን ወለሉ ላይ አቁሞ አዳመጠ። ምንም የለም። ከዋናው መስመር ጋር እያዳመጠ ወደ ውጭ ወጣ፤ መጋዘኑን አለፈ፣ ጽሕፈት ቤቱን አለፈ። ድምፁ እየጎላ፣ እየጎላ መጥቶ ከዋናው በር ጎን፣ ዘበኛው ጓሮ ላይ ጣለው።

ዘበኛው አዛውንት ናቸው። ከጥበቃ ቤታቸው ኋላ ያለችው የጥቅል ጎመን መደብ የግቢው መኩሪያ ናት። በጋ ከክረምት አትጠወልግም፤ እያንዳንዱ ጎመን የሰው ራስ ያክላል።

«ጋሼ፣ እነዚህን ጎመኖች ውሃ ያጠጧቸዋል?» አላቸው ጆሮ።

«እኔ? አንድም ቀን! እጄ ነው እንጂ። አንዳንዱ ሰው እጁ ያበቅላል።»

ጆሮ ዘንጉን ከጎመኖቹ መካከል አቁሞ ጆሮውን አስደገፈ። ሽሽሽ ይላል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ መቆፈር አለብኝ።»

«እኔን ቆፍረኝ!» አሉ ዘበኛው፣ መደቡ ፊት እጃቸውን ዘርግተው። ብዙ ከተለመኑ በኋላ ሦስት ጎመኖችን ራሳቸው ከነሥራቸው አንስተው እንደ ሕፃን ታቅፈው ጥግ ቆሙ። ጆሮ ቆፈረ። ጉልበቱ ድረስ ሲገባ ጭቃው ሥር የቧንቧው መጋጠሚያ ተገኘ። ውሃው በጎን በኩል እንደ ምንጭ ይፈልቃል።

«ምን ዓይነቱ ሰው ነው የገጠመው?» አሉ ዘበኛው ከላይ እያዩ። «እንዳልረግመው ጎመኔን ያሳደገልኝ እሱ ሆነብኝ።»

ጆሮ ጭቃውን በእጁ ጠረገ። መጋጠሚያው በቀይ ሽቦ ታስሯል። በዚያ ፋብሪካ መጋጠሚያ በቀይ ሽቦ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሥራዬ ከሌላው ሥራ ይለይ ብሎ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ራሱ ነው የገጠመው።

«የኔ ነው ጋሼ» አለ።

ዘበኛው ግራ ቀኝ አዩ። «ድምፅህን ዝቅ አድርግ! ማን አየ? እኔና አንተ። እኔ ደግሞ ዓይኔ ደክሟል። ሽቦውን ፍታው፣ ጥብቅ አድርገው፣ ጎመኔን መልስልኝ፣ አለቀ ደቀቀ።»

ጆሮ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ሽቦውን መፍታት ቀላል ነው። ዘጠኝ ዓመት በዚህ በር በቀን ሁለቴ አልፏል፤ የማንን ቧንቧ አላዳመጠም? የራሱን ሥራ ግን አንድ ቀን ዘንግ አስደግፎበት አያውቅም። ከአጥሩ ማዶ አማቱ ጭቃ ሲቀዱ ታዩት። ተነሳና፣ ሽቦውን ሳይነካ፣ ከነጭቃው ወደ ማለቅለቂያው ክፍል ሄደ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ግን እንዳትስቂ» አላት።

«ጥርሴን እያመመኝ ነው፤ አልስቅም።»

ሁሉንም ነገራት፤ ቆጣሪውን፣ ጎመኑን፣ ቀዩን ሽቦ። አልሳቀችም። ከዚያ «ና» ብላ ወደ ሰባተኛው ገንዳ ወሰደችው፣ በብርጭቆ ቀዳችና ወደ መስኮቱ አነሳችው።

«ምን ይታይሃል?»

«ግድግዳው።»

«ጥርት ብሎ?»

«ጥርት ብሎ።»

«ይሄን ውሃ ምን እናደርገዋለን?»

«ወደ ፍሳሽ እንለቀዋለን።»

«ከማቅለሚያው አሁን ለመጣው፣ ቀለም ለሚተፋው ፎጣ፣ ለመጀመሪያው ማለቅለቂያ ምን እንሰጠዋለን?»

«ከጉድጓድ የወጣ ንጹህ ው…» ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ብርጭቆውን አየ፣ እሷን አየ፣ ገንዳዎቹን አየ። «ሰባተኛውን ለመጀመሪያው!»

«ስድስተኛውንም ለሁለተኛው። ደግሞ ነጩንና ደማቅ ያልሆነውን ጠዋት፣ ጥቁሩን ከሰዓት ካለቀለቅን፣ በየመሀሉ ገንዳ ማጠብ የለም። ውሃ የሚያስቀምጥልኝ ገንዳ ብቻ ነው የጎደለኝ።»

«ይሄን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የድሮው የምርት ኃላፊ ዘንድ ሄጄ ነግሬው ነበር። ‹አንቺ እጠቢ፤ ማሰቡን ለኛ ተይው› አለኝ። ተውኩለት።»

«ለኔስ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ መቼ ጠየቅከኝ? አምስት ይዘህ መጣህ እንጂ።»

 ጆሮ ጭቃ በጭቃ የሆነ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ብርጭቆውን ተቀበላትና ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠላት። «ይቅርታ» አለ። ከትዳራቸው ጀምሮ ይህን ቃል ሳትገፋው ሲናገር ሁለተኛው ነው።

አብረው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጡ። ሰውየው አሁንም ጆሮ ግንዱ ሥር ትንሽ አረንጓዴ ነው። ጆሮ ቆሞ ጥፋቱን ሳይቀንስ ተናገረ።

«ዘጠኝ ዓመት?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዘጠኝ ዓመት።»

«በቀይ ሽቦ?»

«በቀይ ሽቦ።»

ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ሲስቅ ላበው፣ ሲያልበው ፎጣ ለማንሳት እጁን ሰደደና በድንጋጤ መለሰው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «እርስዎ ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው» አላት። ነገረችው። ሁለት ጊዜ አስደገማት፤ ሁለቱንም ጊዜ ጻፈ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች በመጨረሻ። «የሰፈሩ ሴቶች ሰኞ ሰኞ ይግቡና ቆጣሪውን በዓይናቸው ይዩ። ቃላችሁን ከማመን ቁጥሩን ማየት ይቀላቸዋል።»

ከመጋዘኑ ኋላ ዝገት ያልበላቸው አራት አሮጌ ታንከሮች ተገኙ። ጆሮ መጀመሪያ ከጎመኖቹ ሥር ያለውን መጋጠሚያ ጠገነ፤ ከዚያ ስድስት ቀን ቧንቧ ሲዘረጋ ከረመ፤ እሷ ከራስጌው ቆማ፣ «ይሄኛውን በደንብ አጥብቀው፣ ጎመን እንዳይበቅልበት» ትለዋለች። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ሲጨርስ ዘንጉን አስደግፎ ያዳምጣል። ቀይ ሽቦውን ግን አልተወም። «ጥፋቴም ይለይ» አለ።

ሦስተኛው ሳምንት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያው ጥቁር አረንጓዴ ፎጣ ወጣ። ሴቶቹ ተጠርተዋል። አማትየው ማንንም ሳያምኑ ከራሳቸው ላይ ነጭ ሻሻቸውን ፈቱ፣ በውሃ አረጠቡ፣ ፎጣውን ፈተጉበት፣ ፈተጉበት፣ ከዚያ ዘርግተው አዩ። እንደነጣ ነው። ሥራ አስኪያጁ ትንፋሹን ለቀቀ። ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄዱ፤ ሲሶ ተብሎ ቃል የተገባው ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል።

«ልጄ» አሉ አማትየው ወደ ጆሮ ዞረው። ጆሮ ደረቱን ነፋ። «ሚስትህ ጎበዝ ናት።»

የሰፈሩ ጉድጓድ ወዲያው አልሞላም፤ ውሃ እንደ ሰው ቶሎ ይቅር አይልም። መጀመሪያ ጭቃው ቀጠነ፣ ከዚያ ድፍርስ ውሃ ሆነ፣ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሰኞ አማትየው ለቆጣሪው ሲመጡ ጀሪካናቸውን ቤት ትተው መጡ። ዘበኛው ሳምንት ሙሉ ጆሮን ሰላም አላሉትም። ኋላ ግን ባልዲ ገዝተው ጎመናቸውን ማጠጣት ጀመሩ፤ ጥቅሉ አነሰ፣ እሳቸው ግን ጣዕሙ ጨመረ ባይ ናቸው። የውሃ ተጠሪነቱ ደብዳቤ በእትዬ ሰባት ውሃ ስም ተጻፈ። ጆሮ ረዳት ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጆሮ በልብስ መቀየሪያው ደጃፍ ተቀምጦ የሥራ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ሚስቱን ግቢው መሀል ቆማ ወደ ላይ ስታይ አያት። ከቦይለር ቤቱ ጣሪያ ነጭ እንፋሎት እየተትጎለጎለ ይወጣል።

«ያ የት ነው የሚሄደው?» አለችው።

«ወደ ሰማይ።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

ጆሮ እንፋሎቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጫማውን መልሶ አጠለቀ። «ከውሃ» አለ፣ በረጅሙ ተንፍሶ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ወደ ቦይለር ቤቱ ማቅናት ጀመሩ። ደብተርና ብርጭቆ ይዘው ሲመጡ በመስኮት ያያቸው የቦይለር ሠራተኛ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።